ደርሻለሁ

የልብስ ሰፊው ልጅ ከተፈጠረ ጀምሮ ደፋር ነበር የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት፤ ወይ አያውቀውም፣ ወይ መድረክ ላይ ንግግር እንዲያደርግ ተጋብዟል። ዛሬ ሸምግሎ፣ የአባቱን ሱቅ ተረክቦ ሱሪ የሚያሳጥረው ያ ሰው ሦስት ሜዳሊያ አለው። በልጅነቱ ግን እንኳን ሰማይ ሊወጣ፣ አባቱ የሱቁን ማስታወቂያ እንዲያጥብ መሰላል ላይ ሲያወጣው ገና ከመሬት ሳይርቅ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። አባቱ ከታች ሆኖ መሰላሉን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ «ብትወድቅ የምትወድቀው እኔ ላይ ነው፣ ምን አስፈራህ?» ይለዋል። ልጁ ከነጨርቁ ከነባልዲው ይወርዳል፤ ማስታወቂያውም ሳይታጠብ ይከርማል።

እንዲህ ያለው ሰው የተዋጊ ጄት አብራሪ የሆነው በዓይኑና በወገቡ ነው። መልማዮች ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥተው አጥርቶ የሚያይና ጠባብ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ጎረምሳ ሲፈልጉ፣ ሐኪሙ ሰሌዳውን እስከ ታችኛው መስመር ያነበበውን ቀጫጫ ልጅ ከላይ እስከ ታች አይቶ «ይሄ ይገባል» አለ። አባትየው ወሬውን ሲሰማ የስፌት መኪናውን አቆመ። ከዚያ፣ «እንግዲህ መሰላሉን የሚይዝልህ ሰው ፈልግ» አለው። የሚገርመው፣ ልጁ አየር ላይ ከወጣ በኋላ ፍርሃቱ ድራሹ ጠፋ። ከላይ ሲያየው መሬቱ በአባቱ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ጨርቅ ነው የመሰለው፤ ጨርቅ ደግሞ አስፈርቶት አያውቅም።

በስኳድሮኑ፣ በአብራሪዎቹ ቡድን ውስጥ፣ ስሙ መርፌ ሆነ፤ ቀጭን ነው፣ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፣ ብዙም አያወራም። ተዋጊ ጄቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚወጡት። የፊተኛው ጠላትን ያሳድዳል፤ የኋለኛው የፊተኛውን ጀርባ ይጠብቃል። የኋለኛው ዓይኑን ከጓደኛው ጭራ ላይ አይነቅልም፣ ካልተገደደ በቀርም አይተኩስም። ስለዚህ ሜዳሊያው የፊተኛው፣ ላቡ የኋለኛው ነው። መርፌን እንዲከተል የተመደበው ልጅ ታዲያ ሌላ ምን ሊባል ነው? ክር አሉት።

ክር የልብስ ተኳሽ ልጅ ነበር። አባቱ ቀደም ብሎ ስለሞተ፣ እናቱ ናት በካውያ ያሳደገችው፤ ከታች የልብስ ማጠቢያ ቤቱ፣ ከላይ የእነሱ ሁለት ክፍል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የልብስ ገመድ የተወጠረበት ጠፍጣፋ ጣራ። ጓደኞቹ «እናትም ተኳሽ፣ ልጅም ተኳሽ» እያሉ ሲቀልዱበት፣ «የእሷ ይበልጣል፤ እሷ የተኮሰችው ሰው አምሮበት ነው የሚሄድ» ይላቸው ነበር። ወሬ ይወዳል፣ ሆዱንም አይጠላም። ሁለቱ ቤተሰቦች ድሮም ይተዋወቃሉ፤ ልብስ ሰፊው የጨረሰውን ሙሉ ልብስ ለካውያ የሚልከው እሷ ዘንድ ነበርና።

ጦርነቱ ሲጀመር የጦር ሰፈሩ ስልክ ለቤተሰብ ተዘጋ። አብራሪው ጠዋት ይወጣል፤ የሚያድረው እዚያው ሰፈሩ ስለሆነ፣ በሕይወት መመለሱን ቤት ያለው ሰው የሚያውቀው ማታ መርዶ ነጋሪ በሩን ካላንኳኳ ነው። «ደርሻለሁ» የሚባለው ነገር የተጀመረው ያኔ ነው። ከግዳጅ የሚመለሱ ጄቶች በድልድዩ በኩል ወንዙን ተሻግረው፣ በከተማዋ ላይ ዝቅ ብለው ነው ወደ መንደርደሪያው የሚገቡት። ቤቱ በዚያ መስመር ላይ የሆነ አብራሪ በቤቱ ሲያልፍ ክንፉን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ደርሻለሁ ማለቱ ነው። አዛዡ ይህን ነገር በጥብቅ ከልክሎ ነበር፤ ራሱ ሲመለስ ግን በሚስቱ ቤት ላይ እንደሱ አድርጎ የሚያዘነብል አልነበረም።

ጄቶቹ ሁሉ አንድ መልክ ናቸው። ከታች ሆኖ ይሄ እገሌ ነው ማለት አይቻልም፤ የሚታመነው ክንፉ ነው። ልብስ ሰፊው ድምፅ ሲሰማ ጠመኔውን እንደያዘ በር ላይ ብቅ ይላል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ «እህ» ብሎ ይመለሳል። እየተለካ የነበረ ደንበኛ ካለ ቁጥሩ ይጠፋበትና ከትከሻው ጀምሮ እንደገና ይለካዋል። የክር እናት ደግሞ ጣራዋ ላይ በአንሶላዎቹ መሃል ቆማ ትጠብቃለች። ክንፉ ሲያዘነብል ታያለች፣ ትወርዳለች፣ ለእራቷ ድንች ትጥዳለች።

ስለ መርፌ የመጀመሪያ ግዳጅ ልንገራችሁ ብል የማወራው ስለ ማስመለስ ብቻ ነው፤ ኮክፒቱን፣ የአብራሪውን መቀመጫ ክፍል፣ ያጸዳው መካኒክ ለሳምንት አኩርፎት ነበር። እየቆየ ግን ሥራውን ለመደ። ነገር ሳያበዛ፣ ጥይት ሳያባክን፣ ጠጋ ብሎ የሚተኩስ ሰው ወጣው። የመጀመሪያውን የጠላት አውሮፕላን ሲጥል፣ ፓራሹት ሲከፈት አየና በሬዲዮ «ወጣ፣ ወጣ፣ ሰውየው ወጣ» እያለ ደስታውን መደበቅ አቃተው። ማታ በምግብ አዳራሹ፣ «ለማን ነው የምትዋጋው አንተ?» እያሉ ሲስቁበት አመሹ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ሰውየው መውጣቱ ግን እውነትም ደስ ብሎት ነበር። የመጀመሪያውን ሜዳሊያ የሰጡት ያን አውሮፕላን ስለጣለ ነው።

ሁለተኛውን ያገኘው ተመቶ ነው። ከመሬት የተተኮሰ ነገር የጄቱን ሆድ መታውና ነዳጁ ፈሰሰ፣ ሬዲዮውም ጠፋ። ክር ከጎኑ መጥቶ አየው፤ መርፌ በእጁ ምልክት «አንተ ሂድ» አለውና ራቅ ብሎ ባለ አሮጌ የአየር ማረፊያ ላይ እንደ ምንም አረፈ። ክር ብቻውን ተመለሰ። በእናቱ ጣራ ላይ አዘነበለ፤ ወደ መንደርደሪያው በመግባት ፈንታ ግን አንድ ዙር ዞረና በልብስ ሰፊው ሱቅ ላይ ደግሞ አዘነበለ። ልብስ ሰፊው ወጣ፣ አየ፣ «እህ» ብሎ ተመለሰ። መርፌ ሽንኩርት በጫነ መኪና ተሳፍሮ ከሁለት ቀን በኋላ አቧራ ለብሶ ብቅ ሲል፣ አባቱ ነገሩን ሰማ። ክርን አስጠርቶ መቀመጫ ሰጠው፤ «አንተ ባትጠቅምልኝ ልቤ ተተርትሮ ቀርቶ ነበር» አለው፣ ሱሪም በነጻ ሰፋለት። ነገሩ በስኳድሮኑ ውስጥ የሳቅ ምንጭ ሆኖ ከረመ። ውሸት ነው ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ ውሸትም ቢሆን ደህና ቦታ የዋለ ውሸት ነበር።

ሦስተኛው ሜዳሊያ የመጣበት ቀን ደመናው ዝቅ ያለ ነበር። መርፌና ክር ቁስለኛ የጫኑ ሁለት ማመላለሻ አውሮፕላኖችን እያጀቡ ሳለ አራት የጠላት ጄቶች መጡባቸው። ለሁለት አራት ነው፤ ማመላለሻዎቹ ደግሞ እንደ እርጉዝ ላም ቀስ የሚሉ ናቸው። መርፌ ወደ አራቱ ዞረ፣ ክር ተከተለው። አንዱን ጣለ። ሁለተኛውን ሲያሳድድ ጀርባውን አንድም ጊዜ ዞር ብሎ አላየም፤ ጀርባውን የሚያይለት ሰው ነበረውና። «ከኋላህ ነኝ፣ ጨርሰው» የሚለው የክር ድምፅ በጆሮው ገባ። ጨረሰው። የቀሩት ሁለቱ ሸሹ፣ ማመላለሻዎቹም በሰላም አለፉ። መርፌ በሬዲዮ ተጣራ፣ መልስ አልነበረም። ነዳጁ እስኪያስፈራው ድረስ ከደመናው በላይ እየዞረ ተጣራ፤ ከታች ያየው ነገር ቢኖር በደመናው ውስጥ የወጣ ጭስ ብቻ ነው።

ወንዙን ሲሻገር እጁ በልማድ በአባቱ ሱቅ ላይ አዘነበለ። ቀጥሎ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጣራ መጣ። ሴትዮዋ ቆማ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ ላይ ታያለች። ያን ጊዜ ያሰበው እንዲህ ነው፤ ፓራሹቱ ከደመናው በታች ተከፍቶ እንደሆነስ? ነገ ወይ ከነገ ወዲያ በሆነ የጭነት መኪና እየተሳደበ ይመጣ እንደሆነስ? እሱ ለአባቴ ያደረገውን እኔ ለእናቱ ብነፍግ ሰው ነኝ ወይ? ክንፉን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዘነበለ። ሴትዮዋ እጇን አውርዳ ወደ ደረጃው ስትሄድ አያት።

በማግስቱ እግረኛ ወታደሮች አውሮፕላኑን አገኙት። ክርም በውስጡ ነበር።

መርዶ የሚነግረው አዛዡ ነው፣ ሐኪሙን አስከትሎ። ሄዱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ግራ ተጋብተው ተመለሱ። ሴትዮዋ አላመነቻቸውም ነበር። ልጄ ትናንት በዚህ አልፏል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ቤት ተሳስታችኋል፣ የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል ምስኪን፣ እናቱን እግዜር ያጽናት አለቻቸው። ሐኪሙን ደግሞ ፊትህ ገርጥቷል ብላ ወንበር አቀረበችለት፣ ሻይም ልታፈላ ተነሳች። አዛዡ ደጋግሞ ነገራት፤ እሷም አንድ ነገር ሳታዛንፍ ያንኑ መለሰችለት። በመጨረሻ ራሱ መጠራጠር ጀመረና ወጣ። ምግብ አዳራሹ ገብቶ ትናንት በዚያ ሰፈር ላይ ያለፈው ማን እንደሆነ ሲጠይቅ ማንም ቀና አላለም። መርፌ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሳ።

አዛዡ አልጮኸበትም። ቢጮህበት ይሻለው ነበር። «አንተ የሰቀልከውን እኔ ማውረድ አልቻልኩም» አለው። «ሂድና አንተው አውርደው።»

መርፌ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሲደርስ ሊዘጋ ሲል ነው። መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሸሚዝ ተዘርግቷል፣ ከጎኑ የተተኮሱት በመስቀያ ተደርድረዋል፣ ክፍሉ በእንፋሎት ታምቋል። ሴትዮዋ ስታየው ፊቷ በራ፤ ያኛው የት እንደቀረ ጠየቀችው፣ አለቃችሁ ዛሬ መጥቶ ምን የመሰለ ነገር ሲቀባጥርብኝ እንደዋለ ብታውቅ አለችው። እጇ ሥራውን አላቆመም፤ የሸሚዙን አንገትጌ እየተኮሰች ነበር።

«እማማ» አላት፣ «ትናንት ያለፍኩት እኔ ነኝ።»

«አንተማ በአባትህ ሱቅ ነው የምታልፈው።»

«በሁለቱም አለፍኩ።»

ካውያውን አንስታ በቂጡ አቆመችው። የሚናገረውን እንዲጨርስ አልጠበቀችም፤ ልብስ ሰፊውን ጉድ ያሰኘው የሽንኩርት መኪና ታሪክ እሷም ጋ ደርሶ ነበር፣ እሷም ስቃበት ነበር። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች።

«እሱስ?» አለች።

«እሱ አይመጣም እማማ። ዛሬ አገኙት።»

ስቃይ እንደነበረበት ጠየቀችው፤ አላውቅም አላት። የመጨረሻ ቃሉ ምን እንደነበረ ጠየቀችው፤ ከኋላህ ነኝ እንዳለው ነገራት። የሸሚዙን እጅጌ አጠፈች። እንባዋ አልመጣም። ስትናገር ድምፅዋ ሰው በእኩለ ቀን ስለ ገበያ እንደሚያወራው ዓይነት ነበር።

«ትናንት ማታ ለጥ ብዬ ተኛሁ» አለችው። «ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ልጄ ሜዳ ላይ ወድቆ፣ እኔ እናቱ ጠግቤ በልቼ ተኛሁ።»

 ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችና ሂድ አለችው። ሄደ። ቁጣ ቢሆን ተሸክሞት ይዞር ነበር፤ ይህን ግን የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም።

ሜዳሊያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ትልቁ። ሐሰት አልነበረም፤ ሁለት ጄት ጥሏል፣ በእነዚያ ማመላለሻዎች የነበሩ ቁስለኞችም ዛሬ ድረስ በሕይወት ያሉ አሉ። ማይክራፎን ፊት አቁመው ተናገር ሲሉት፣ «ከኋላዬ ሰው ነበረ» ብሎ ወረደ። አባቱ ሜዳሊያውን ሱቁ መስኮት ላይ በቆመው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ደረት ላይ ሰካው፤ ደንበኛም ጎረፈ። መርፌ እንዲያወርደው ሲለምነው፣ አባቱ ልጁን አንድ ጊዜ አየና ምንም ሳይጠይቅ አወረደው።

ከዚያ ወዲህ መርፌ ሲመለስ በድልድዩ በኩል መሻገር ተወ። ከታች ርቆ ይሻገርና፣ ከተማዋን ከጀርባ ዞሮ፣ በአባቱ ሱቅ ላይ ብቻ አልፎ ይገባ ነበር። መካኒኩ የነዳጁ ነገር አልገባኝም አለው፤ የመቆጣጠሪያ ማማው ላይ ያሉት መንገድ ጠፋህ ወይ ብለው ተሳለቁበት፤ አዲሱ ተከታዩ፣ ገና ጢሙን ያላበቀለ ልጅ፣ ነገሩ ሳይገባው አብሮት ዞረ። ልብስ ሰፊውም በበኩሉ ልብስ ወደ ማጠቢያ ቤቱ መላክ ተወ። ምን ዓይን አለኝና እልካለሁ እያለ ራሱ መተኮስ ጀመረ፤ የአንድ ዳኛ ሱሪ አቃጥሎም በሌላ ጨርቅ ከፈለ። ሁለቱም፣ አባትም ልጅም፣ ሴትዮዋን ላለማሳመም የሚያደርጉት ይህ ነበር። እንዲህ ያለው ደግነት ብዙውን ጊዜ ለራስ ነው።

ወራት አለፉ። አንድ ከሰዓት በኋላ መርፌ ዕረፍት ላይ ነበርና ሱቁ ውስጥ ቁልፍ እየተከለ ሳለ ሴትዮዋ ገባች። ከስታለች፤ ቀሚሷ ግን እንደ ወትሮው አንድ መጨማደድ የለበትም። ልብስ ሰፊው ከመደንገጡ የተነሳ ለማንኛውም ደንበኛ እንደሚለው «ምን ልስፋልዎ?» አላት።

«ጋሼ» አለችው፣ «ልብስ መላክ ለምን ተዉ? ልጅ ሞተብኝ እንጂ እጄ አልሞተም።» መስቀያው ላይ ካለው ኮት አንዱን አነሳች፣ ትከሻውን አየችና ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ይሄ ደግሞ ምንድነው? ሰው ተኝቶበታል?»

ልብስ ሰፊው ኮቶቹን ይሰበስብላት ጀመር። እሷ ወደ መርፌ ዞረች።

«አንተስ? በዚያ በኩል ለምን ትዞራለህ?»

ሊያስመስል ፈልጎ ነበር፤ አልቻለም። «እንዳላሳምምዎት ብዬ ነው እማማ።»

«አሞኛልኮ። ብትዞርም ብትመጣም አሞኛል።» ያቀረበላትን ወንበር ትታ ቆማ ነው የምታወራው። «ድምፁን እሰማለሁ፤ ሰው ወጥቷል፣ ሰው ተመልሷል። ጣራ ላይ እወጣለሁ፤ ሁሉም በየቤቱ ያልፋል። ማታ ማታ ሱቁ ክፍት መሆኑን ላይ በአባትህ ደጅ አልፋለሁ፤ ሰዎቹ ካልተላቀሱ ልጁ ደህና ነው ብዬ እመለሳለሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ እንደዚያ ነው የኖርኩት፣ ታውቃለህ?»

አያውቅም ነበር። ልብስ ሰፊውም አያውቅም ነበር፤ ኮቶቹን አቅፎ ባለበት ቆመ።

«የልጄን መሞት ነግረኸኛል» አለች። «ያንተን መመለስ ማን ይንገረኝ?»

መርፌ ቁልፉንና ጨርቁን እንደያዘ አንገቱን ደፋ። አለቀሰ፤ ያን ቀን ያላለቀሰውን ሁሉ እዚያው አባቱ ፊት አለቀሰው። ሴትዮዋ አላባበለችውም፣ ሂድም አላለችውም። እስኪጨርስ ጠበቀችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ብቻ» አለችው። «ስታልፍ የራስህን አዘንብል። የማንንም አትጨምርበት። አንተ ያልመጣህ ቀን ደግሞ ማንም በአንተ ፈንታ እንዳያልፍልኝ።»

በማግስቱ ጠዋት አዲሱ ተከታዩ የጄቱ መሰላል ሥር ቆሞ የራስ ቁሩን ሲያጠልቅ፣ መርፌ ወደ እሱ ሄዶ እኔ ካልተመለስኩ በማንም ቤት ላይ እንዳታልፍልኝ አለው። ልጁ የሽንኩርቱን መኪና ታሪክ ሰምቶ ስለነበር ፈገግ ሊል ከጀለ፤ የመርፌን ፊት ሲያይ ግን እሺ አለ። ግዳጁ ያለ ችግር አለቀ። ሲመለሱ መርፌ ወንዙን በድልድዩ በኩል ተሻገረ፣ ዝቅ አለ። ጣራው ላይ ሴትዮዋ በአንሶላዎቹ መሃል ቆማለች። መርፌ ክንፉን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዘነበለ፤ የራሱን ብቻ።